አጥሩን ልትዘል የነበረችው ኳስ

ሰው ሲያመሰግነኝ መልስ አላውቅም። «ሸሚዝህ ያምራል» ሲሉኝ ትናንት የገዛሁት ቢሆን እንኳ «ኧረ አሮጌ ነው» እላለሁ። እንግዳ የባለቤቴን ወጥ ሲያደንቅ እሷ «ዛሬስ ጨው በዝቶበታል» ትላለች፤ እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ «አዎ፣ ትንሽ በዝቶበታል» እያልኩ አግዛታለሁ። እንግዳው ከሄደ በኋላ ለዚህ እገዛዬ የሚደርሰኝን ለጊዜው ተዉት። ልጅ ሲሆንማ አይነሳ። «ልጃችሁ እንዴት ጨዋ ናት!» ሲሉን ሁለታችንም በአንድ ድምፅ «ኧረ እቤት ብታዩአት!» ነው የምንለው። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ በቡዳ አናምንም። ነገር ግን ሰው ልጃችንን ደጋግሞ ሲያሞግስብን እጃችን ሳናውቀው መሸፈኛ ጨርቅ መፈለጉ አይቀርም።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው የደረሰብኝን ስነግራችሁ «ሰውዬው ጤና የለውም እንዴ?» እንዳትሉኝ ነው። ጤና አለኝ። ያደግሁት እንዲህ ነው።

ልጄ ቤተል አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ወደ ሜልበርን ስንመጣ የወተት ጥርሷ ገና አልወለቀም ነበር። አመጣጣችን በእናቷ ነው። ሰናይት ነርስ ስለሆነች በሙያዋ ተፈቀደላት፤ እኔ የፊዚክስ መምህሩ ደግሞ በእሷ ማመልከቻ ላይ «ባል» ተብዬ ተለጥፌ መጣሁ። አሁን ላቨርተን ኖርዝ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ፎርክሊፍት እየነዳሁ ዕቃ የተደረደረበትን ፓሌት መደርደሪያ ላይ እሰቅላለሁ። ሥራውን አልጠላውም። ክብደት አለ፣ ከፍታ አለ፣ ሚዛን አለ፤ ያው ፊዚክስ ነው። ልዩነቱ ፓሌት ፈተና ላይ አለመኮራረጁ ብቻ ነው።

ቤተል እንደ ጓደኞቿ ኔትቦል ትጫወታለች ብለን ስንጠብቅ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት የብረት ዱላ ተሸክማ ገባች። እናቷ በድንጋጤ «ማንን ልትመቺ ነው?» አለቻት። ቤተልም ቦርሳዋን እየወረወረች «ቤዝቦል፣ ማም» ብላ ወደ ክፍሏ አለፈች። ቤታችን ውስጥ እኛ በአማርኛ እንጠይቃለን፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። አማርኛዋ የሚወጣው ወይ አያቷ ስልክ ላይ ሲሆኑ ነው፣ ወይ በጣም ሲከፋት ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አንዷ ትወረውራለች፤ ሌላዋ በዱላ ትመታለች። የመታችው ልጅ ሜዳው ላይ የተነጠፉትን አራት መርገጫዎች ዞራ ከተመለሰች ነጥብ ይቆጠራል። ኳሷ መሬት ሳትነካ በጓንት ከተያዘች መቺዋ «ወጣች» ይባላል፤ ተራዋ ያልፋል። ኳሷ በአየር ላይ እንዳለች በሜዳው ማዶ ያለውን አጥር ከዘለለች ግን የሚያባርራት የለም፤ መቺዋ እየተንጎራደደች ትዞራለች፣ ሰዉ ሁሉ ቆሞ ያጨበጭባል። ይህን ሆም ራን ይሉታል።

ሌላው ሌላው ቶሎ ገባኝ። ይኸኛው ግን በጆሮዬ እንጂ በሆዴ አልገባም። ምክንያቱም እኔ ባደግሁበት ሰፈር ኳስ አጥር ዘለለች ማለት ለቅሶ ነው። ለሰፈሩ ልጆች በሙሉ ያለችው አንዲት ኳስ ናት። አጥሩ ደግሞ የእትዬ አሰለፈች አጥር ነው። እትዬ አሰለፈች ግቢያቸው የገባችውን ኳስ አይከለክሉንም ነበር፤ በቢላ ለሁለት ከፍለው ይመልሱልን ነበር። ስለዚህ ከፍ አድርጎ አጥር ማዶ የላከ ልጅ ጀግና አይባልም፤ «ጠላዥ!» ተብሎ ይሰደባል፣ ዘሎ ገብቶ እንዲያመጣም ይፈረድበታል። ኳሷ ወደ መንገድ ከወጣችም ሁላችንም «ኳስ! ኳስ!» ብለን እንጮሃለን። ያን ጊዜ መንገደኛ የሆነ ሁሉ፣ ሱፍ የለበሰም ቢሆን፣ ኳሷን አቁሞ የመመለስ ግዴታ አለበት። ሳይመልስ ያለፈ ሰው ሰፈራችን ውስጥ ስሙ በደህና አይነሳም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር አጥንት ውስጥ ነው የሚቀረው።

የሆነ ሆኖ፣ የዱላውና የኳሷ ነገር ለእኔ የአሮጌ ሙያዬ ትንሣኤ ሆነልኝ። አዲስ አበባ ሳስተምር ስለ ተወርዋሪ አካል ጠመኔ ሳልወረውር ያለፍኩበት ዓመት የለም። «ልጆች፣ የአየሩን ሰበቃ ችላ ብንል፣ ኳስ እጅግ የምትርቀው በአርባ አምስት ዲግሪ ስትነሳ ነው» እል ነበር። ልጆቹም ችላ ይሉታል፤ አንዳንዶቹ ከአየሩ ጋር እኔንም ጭምር።

ሜልበርን ግን አየሩ ችላ የሚባል አይደለም። በአንድ ቀን ሙቀትም ብርድም ዝናብም የሚያፈራርቅ አየር እንዴት ተደርጎ ችላ ይባላል? ስለዚህ ትምህርቴን ከልሼ እራት ላይ አዲስ ኮርስ ከፈትኩ። «ቤቲዬ፣ አርባ አምስቱን እርሺው፤ አየር ስላለ ሠላሳ ገደማ ይሻላል። ኳሷን ከመሐሏ ትንሽ ዝቅ አድርገሽ ብትመቻት ወደ ኋላ እየሾረች ትሄዳለች፤ ሽክርክሪቱ አየር ላይ ያቆያታል። ትኩስ አየር ስስ ነው፣ ያሳልፋል። እርጥብ አየርስ? ሰው ሁሉ ከባድ ይመስለዋል፤ ከደረቁ ይቀላል! አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታ ስለሆነች አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ይህንኑ ምት እዚያ ብትመቺ...»

«ዳድ» ትለኛለች ቤተል ሹካዋን አስቀምጣ፣ «አይ ጀስት ሂት ኢት።»

ዝም ብዬ እመታታለሁ ማለቷ ነው። እኔ ግን «ዝም ብሎ» የሚባል ነገር አልወድም። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይላሉ፤ እኔን እንኳን አወቅህ ያለኝም አልነበረም።

ያቺ ቅዳሜ ደረሰች። ቤተል እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ኳስ አጥር አዝልላ አታውቅም። የቡድኗ ልጆች ሁለት ሦስቱ አዝልለዋል፤ እሷ ግን ሁልጊዜ ከአጥሩ ወዲህ ትቀርባታለች። አፍ አውጥታ አልነገረችንም እንጂ ይህ ነገር እንቅልፍ እንደሚነሳት እናውቅ ነበር፤ ጓሮ ውስጥ ዱላውን ብቻዋን ስታወናጭፈው እንሰማታለን።

ያን ቀን ሰናይት ሥራ ስለነበረች አብረውኝ የሄዱት ጋሼ በቀለ ናቸው። ጋሼ በቀለ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሰንሻይን ዌስት ውስጥ ከእኛ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ጉባኤ ይሁን፣ ልደት ይሁን፣ ቀብር ይሁን፣ መኪና ውስጥ ባዶ ወንበር ካለ እሳቸው አሉ። መንገድ ላይ ለቤተል ቡድን ጸለዩ። ትንሽ ቆዩና «እነዚያም የሰው ልጆች ናቸው» ብለው ለተጋጣሚው ቡድንም ጸለዩ።

ሜዳው ያራቪል አካባቢ ነው። ቀኑ ያ ከሰሜን የሚነፍሰው የበጋ ነፋስ የወጣበት ቀን ነበር፤ የምድጃ አፍ ላይ የቆምክ ነው የሚመስልህ። ገና ከመኪናው እንደወረድን የቡድኑ አሠልጣኝ መጣችና ጨበጠችኝ። «ልጅህ ዘንድሮ በጣም ጠንክራለች። እጇ እንዴት ይፈጥናል መሰለህ!» አለችኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ እጄን እያወናጨፍኩ «ኖ ኖ፣ ዱላው ቀላል ስለሆነ ነው» አልኳት።

ቤተል አጠገባችን ጎንበስ ብላ ጫማዋን ታስር ነበር። ቀና አላለችም።

ወላጆቹ ሁሉ ከመቺዎቹ ጀርባ ዳስ ቢጤ ስር ተቀምጠዋል። ጋሼ በቀለ ግን ሙቀቱን አልቻሉትምና በሜዳው ማዶ ካለው አጥር ውጭ አንዲት ባሕር ዛፍ አይተው «እዚያች ጥላ ስር እንቁም» አሉኝ። ሽማግሌ ብቻውን አይተውም። ሄድን። የሽቦው አጥር ደረቴ ድረስ ነው። ከዚያ ሆነን ልጆቹ እንደ ጣት አንሰው ይታዩናል፤ ጋሼም በየመሐሉ «አሁን ማን አገባ?» ይሉኛል፣ እኔም አስረዳለሁ። ማስረዳት አይሰለቸኝም።

ጨዋታው መጨረሻው ላይ ሲደርስ እነዚያ የቤተልን ቡድን በአንድ ነጥብ በለጡ። መምቻው የቤተል ተራ ሆነ። አጥር ካዘለለች እኩል ይሆናሉ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወርዋሪዋ ወረወረች።

ኳሷን ያየኋት ድምፁን ከመስማቴ በፊት ነው። ርቀት ላይ ሲሆኑ ብርሃን ይቀድማል። ከዚያ ያ ደረቅ ያለ፣ ንጹሕ የሆነ ድምፅ መጣ። ኳሷ ሠላሳ ዲግሪ ገደማ ላይ ተነሳች፤ ወደ ኋላ እየሾረች ወጣች፤ የሰሜኑ ነፋስ ከሥሯ ገባላት። እራት ላይ የለፈለፍኩት ሁሉ በሰማይ ላይ ተጽፎ አየሁት። መምህር ሆኜ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ሁሉ እንዲህ ያለ ደስታ አልተሰማኝም። እየመጣች ነው። ወደ እኛ እየመጣች ነው።

ይሄኔ ጋሼ በቀለ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ኧረ ኳሷ! ኧረ አጥር ልትዘልባቸው ነው! ያዛት! ያዛት አንተ!»

እስቲ ፍረዱኝ። አንድ ሽማግሌ ያዝ ብለዋል። አጥር አለ። ኳስ ልትጠፋ ነው። ከአጥሩ ማዶ ልጆች አሉ። እትዬ አሰለፈች ከመቃብር ቢላቸውን ይዘው የተነሡ ነው የመሰለኝ። ያቺ ኳስ የራሴ ልጅ ኳስ መሆኗን፣ አጥር መዝለሏም ለቅሶ ሳይሆን ሠርግ መሆኑን የሚያስታውሰው ጭንቅላቴ አልደረሰም፤ እጄ ቀድሞታል። ሆዴን ሽቦው ላይ አስደግፌ፣ ሁለት እጄን ወደ ሜዳው ውስጥ ዘርግቼ ተንጠራራሁ።

ልጅ ሆኜ በረኛ ሲያደርጉኝ አንድም ቀን ኳስ ይዤ አላውቅም። «ወንፊት» ነበር ቅጽል ስሜ። ያን ቀን ያዝኳት።

«ተባረክ!» አሉ ጋሼ እያጨበጨቡ። «ልጆቹን አዳንካቸው!» መዳፌ እሳት ሆኗል፤ እኔ ግን ኩራቱ ሕመሙን ይዞልኝ፣ በአክብሮት ትንሽ ጎንበስ ብዬ ኳሷን በአቅራቢያዬ ላለችው ልጅ ወረወርኩላት።

ከዚያ ቀና አልኩ። ሰዉ ሁሉ መጋዘን ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ ፓሌት የጣለ ሰው እንደሚታየው ያየኛል። ቤተል ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ ስትሮጥ ነበር። መሐል መንገድ ላይ ቆመች። እጆቿ ቀስ ብለው ወረዱ። ከዚያ ርቀት ፊቷ አይታየኝም፤ አለመታየቱንም ተመስገን አልኩ።

ዳኛው እያለከለኩ ደረሱ፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ እንደኔው ሆዳቸው ይቀድማቸዋል። አሠልጣኟም ተከትላ መጣች። ሕጉን ያኔ ነው የሰማሁት። ተመልካች ከአጥሩ ወደ ውስጥ እጁን ሰዶ ኳስ ከነካ፣ ዳኛው ሰውዬው ባይኖር ኖሮ ኳሷ የት ትደርስ እንደነበር መፍረድ አለባቸው። ጥያቄው እንግዲህ «ይህ አባት ባይኖር ኖሮ የዚህች ልጅ ኳስ የት ትደርስ ነበር?» ነው። አሁን ሳስበው ለማንኛውም አባት ከባድ ጥያቄ ነው። ያኔ ግን የታየኝ ሌላ ነው። ይህን ጥያቄ በሜልበርን ምዕራብ ከእኔ የተሻለ የሚመልስ ሰው የለም!

ጀመርኩ። እንጨት አንሥቼ አፈሩ ላይ ሥዕል ሠራሁ። «ሰር፣» አልኳቸው፣ «በመጀመሪያ አንግሉን እንመልከት።» ከአንግሉ ወደ ሽክርክሪቱ ሄድኩ። ከሽክርክሪቱ ወደ ሰሜኑ ነፋስ። ከነፋሱ ወደ ሙቀቱ፤ ትኩስ አየር እንዴት እንደሚሳሳ። የወርዋሪዋን ፍጥነት አመሰገንኩ፤ ፈጥና የመጣች ኳስ ፈጥና ትመለሳለችና። የብረቱን ዱላ አሞገስኩ፤ ከእንጨት እንዴት እንደሚያስፈነጥር። ልጆቹ ከሁለቱም ቡድን መጥተው ከበቡኝ። ጋሼ በቀለ እንግሊዝኛው ባይገባቸውም ስብከት ስለመሰላቸው በየነጥቡ «አሜን» ይላሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ ክፍል ሙሉ ተማሪ አገኘሁ፤ አንድም ሰው አልተኛም።

«ስለዚህ» ብዬ ደመደምኩ፣ «በእንዲህ ያለ ቀን፣ በእንዲህ ያለ ነፋስ፣ በእንዲህ ያለ ዱላ፣ ይህች ኳስ ሳትዘል ልትቀር አትችልም!»

ዳኛው ላባቸውን ጠረጉ። «ጨረስክ?» አሉኝ።

«ጨርሻለሁ።»

«ነፋሱ ለየትኛው ቡድን ነው የሚጫወተው?»

ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ግን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና ኳሷ መውረድ ጀምራ እንደነበር፣ ትዝለል አትዝለል ርግጠኛ መሆን እንደማይችሉ ነገሩኝ። ቤተል ሁለተኛው መርገጫ ላይ እንድትቆም ፈረዱ። ቆመች። ቀጥላ የመጣችው ልጅ ስታ ወጣች። ጨዋታው አለቀ፤ በአንድ ነጥብ ተሸነፉ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። እኔ እንኳን ላስጥላት፣ ለጅቡ ራሴ አቀበልኳት።

ስንመለስ ጋሼ በቀለ ከፊት፣ ቤተል ከኋላ ነበሩ። ቆቧን ፊቷ ላይ ደፍታዋለች። ጋሼ ዘወር ብለው «አይዞሽ ልጄ፣» አሏት፣ «ዋናው ኳሷ አለመጥፋቷ ነው።» ቤታቸው አውርደናቸው ስንሄድ ቀይ መብራት ያዘን። ዝም ብል ምን ነበረበት? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እኔ ግን ነገር ያለሰለስኩ መስሎኝ «ቤቲዬ፣ እኔ እንደሚመስለኝ ነፋሱ እንኳ ባይኖር፣ ሙቀቱ ብቻውን...» ብዬ ጀመርኩ።

«አባዬ።»

በአማርኛ ነው። በመስታወቱ አየኋት። ቆቡን አንሥታዋለች።

«ሁሉንም ጠራህ» አለችኝ። አማርኛዋን እንደ ደረጃ አንድ በአንድ እየረገጠች ነው የምትናገረው። «ነፋሱን ጠራህ። ሙቀቱን ጠራህ። ዱላውን ጠራህ። የወረወረችውን ልጅ እንኳ ጠራህ፤ እሷ የነሱ ናት። እኔን አልጠራህም። የመታሁት እኮ እኔ ነኝ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ኖሯል። ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባውን ነፋ።

ማታ ሰናይት ከሥራ ስትገባ መዳፌ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ጠበቃት። ከፍሪጅ በረዶ የሆነ አተር አውጥታ በፎጣ ጠቅልላ አሰረችልኝና የሆነውን ጠየቀችኝ። ስለ ጋሼ በቀለ፣ ስለ አጥሩ፣ አፈር ላይ ስለሣልኩት ሥዕል ስነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። መኪና ውስጥ የተባልኩትን ስነግራት ሳቋን አቆመች።

«ለምን አላልክም?» አለችኝ።

«ምን?»

«ጎበዝ ናት ብለህ።»

«ይታወቃል ብዬ ነዋ።»

«ለማን ነው የሚታወቀው?» አለችና አተሩን አጥብቃ ተጫነችው። «የእኔንም ወጥ እኮ ጨው በዝቶበታል ነው የምትለው።»

እጄን ታቅፌ ብዙ አሰብኩ። የሚገርመው ፊዚክሱ ራሱ ከእሷ ጋር ነው። ኳስን ሩቅ የሚያስኬዱት ነገሮች ሁሉ ቢደረደሩ፣ ነፋሱም ሙቀቱም ከፍታውም፣ ከሁሉ በፊት የሚመጣው ዱላውን የያዘው እጅ ፍጥነት ነው። ዱላው በራሱ አይወናጨፍም። አሠልጣኟ ጠዋት የነገረችኝ ይህንኑ ነበር፤ እኔም በትሕትና መለስኩላት። ድሮ አየሩን ችላ እያልኩ አስተምር ነበር። አሁን አየሩን አስታወስኩና ልጅቷን ችላ አልኩ።

አባቴ ትዝ አለኝ። በሕይወት ሳለ «ጎበዝ» ሲለኝ ሰምቼ አላውቅም። ሰርተፊኬት ይዤ ስመጣ ገልበጥ አድርጎ ጀርባውን ያይና «በል መብራቱን አጥፋ፣ ይቆጥራል» ነበር የሚለኝ። እንደሚኮራብኝ የሰማሁት ለቅሶው ላይ ነው። አንድ አብሮት ይሠራ የነበረ ሰውዬ አጠገቤ ተቀምጦ «ስላንተ አውርቶ አይጠግብም ነበር እኮ» አለኝ። የእኛ አገር ምስጋና እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ በሌለበት ይነገራል፣ ተናጋሪው በሌለበት ይደርሳል። አባቴን አልወቅሰውም፤ ሊያበላሸኝ ፈርቶ ነው። ግን ያን ቀን ከለቅሶው ድንኳን ወጥቼ ያለቀስኩት ለሞቱ ብቻ አልነበረም።

ጠዋት ለሰናይት «የትናንቱ ወጥ ግሩም ነበር» አልኳት። «የትናንቱን ያሞቅኸው አንተ ነህ፣ የሠራሁት ሐሙስ ነው» አለችኝ። ቢሆንም ስትወጣ ፈገግ ብላለች። መለማመድ ያስፈልገዋል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አየሩ ፊቱን አዞረ። ከደቡብ፣ ከባሕሩ በኩል፣ አጥንት የሚቆረጥም ነፋስ ቀጥ ብሎ ወደ መቺዎቹ ፊት ይነፍሳል። አሠልጣኟ እንዳየችኝ ከአጥሩ በጣም የራቀ ወንበር ራሷ ዘርግታ አስቀመጠችኝ። ጋሼ በቀለም ካፖርታቸውን ለብሰው አጠገቤ አሉ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ኳስ ብትመጣ አንነካም» አልኳቸው።

«ብትጠፋስ?»

«ትጥፋ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሺ እንግዲህ፣ እናንተ ካላችሁ።»

የቤተል ተራ ደረሰ። ሳምንቱን ሙሉ «ዳድ» ከማለት በቀር ብዙም አላወራችኝም። ወደ እኔ ሳታይ ገብታ ቆመች። ወርዋሪዋ ወረወረች፤ ያው ደረቅ፣ ንጹሕ ድምፅ መጣ። ኳሷ ያንኑ ያህል ከፍ ብላ ተነሳች፤ ወጣች፤ ወጣች፤ ከዚያ ነፋሱ ደረቷን ይዞ አቆማት። ከአጥሩ ብዙ ወዲህ፣ ወደ ታች ወረደች። አንዲት ልጅ ሁለት እርምጃ ሄዳ በጓንቷ ያዘቻት። ቤተል ወጣች። ወላጆቹ በአንድነት «ኦው» አሉ።

እኔ ግን ብድግ አልኩ። ወንበሩ ከኋላዬ ሲወድቅ ሰማሁት።

«ጎበዝ! የኔ ጎበዝ! ልጄ ናት! የመታችው ልጄ ናት!»

በአማርኛ ነው የጮህኩት፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ። ሜዳው በሙሉ ዞሮ አየኝ። አሠልጣኟ ጨዋታው አሁንም ያልገባኝ መስሏት በርኅራኄ «ተይዛ ወጥታለች» አለችኝ። ጋሼ በቀለም እጄን ጎተቱኝ።

«ኳሷ ተይዛለች እኮ!»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ያስጮህሃል?»

ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ። ቀዝቃዛ አየር ወፍራም ነው ልላቸው ነበር። ነፋሱ በፊት ለፊት ነው፤ ዛሬ ያቺን ኳስ የረዳት አንድም ነገር የለም፤ ስለዚህ የሄደችው መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ የልጄ ነው ልላቸው ነበር። አፌን መልሼ ዘጋሁት። ሲያስረዱ የቀረ ነገር ስንት እንደሆነ አውቃለሁ። «ጎበዝ ስለሆነች ነው» አልኳቸው።

ቤተል ዱላዋን ትከሻዋ ላይ አጋድማ፣ አንገቷን እስከ ጆሮዋ ቀብራ ወደ ጓደኞቿ ትመለሳለች። እኛ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። ፊቷ ከኀፍረት ቀልቷል፤ አፏ ግን ሳቁን ሊይዘው አልቻለም።

«አባዬ፣ ወጥቻለሁ እኮ» አለችኝ።

አያቷ ስልክ ላይ አልነበሩም። የከፋትም አትመስልም።

«አይቻለሁ» አልኳት። «እንዴት አድርገሽ መታሻት!»

«ነፋሱስ?»

«የቱ ነፋስ?» አልኳት።

ይህን ስል ያ ነፋስ ባርኔጣዬን ከራሴ ላይ አንሥቶ ከኋላችን ባለው አጥር ላይ ይዞት ሄደ። ጋሼ በቀለ ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ።

«ኧረ ባርኔጣው! ኧረ አጥር ዘለለ! ያዙት!»

ማንም አልያዘውም። እኔና ቤተል እየሳቅን አይተን ሸኘነው።